አንቀመጥም ያሉት ወንበሮች

ሕልም የሌሊት ነው ይባላል። እኔ ግን ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው መኪና ውስጥ፣ ቅቤ እየሸተተኝ አለምኩ። ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ቅቤው ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ አለዚያ አብዷል ትሉኛላችሁ።

መኪናዋ የአማቴ የአቶ ይርዳው ናት። ወንበሯ የዳቦ ቀለም ያለው ጨርቅ ነው፤ እሷ ውስጥ ውኃ የጠጣ ሰው እንኳ የለም። አማቴ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የሚነዳላቸው ልጃቸው ነበር። እሱ ጅማ ሄደና ትናንት ለሽምግልና የሚያደርሳቸው ሰው ጠፋ፤ ቸግሯቸው እኔን አስጠሩ። እሱንም በስሜ አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ ስሜን ጠርተውት አያውቁም። ልጃቸውን ትርሲትን እንዲጠይቁልኝ ከላክኋቸው ሽማግሌዎች አንዱ ጉልበቱን ያመዋል፤ "ሰጥተናችኋል" ሳይባል ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ሽማግሌ ደግሞ የመጣበት ጉዳይ ሳይፈጸምለት ቁጭ አይልም፤ ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። በስንት ልመና ልጅቷን ሰጡኝ፤ "ልጄ" የምትለዋን ቃል ግን ከለከሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ "ያ የተቀማጮቹ ሰውዬ" ነኝ።

እንግዲህ ከስንት ጊዜ በኋላ መኪናቸውን አመኑኝ። አሳጥቤ ስመለስ ለትርሲት እናት የሸኖ ቅቤ ገዝቼ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። ግቢ ገብቼ ዞር ብል ፌስታሉ ተቀዶ፣ ቅቤው ቀልጦ ወንበሩ ላይ ተንጣሏል። ጉዴ ፈላ። ለትርሲት ደወልኩላት።

"እንዳትፈትገው" አለችኝ። "ብትፈትገው ይሰፋል። እማዬ ጓዳ በሶ አለ፤ ደህና አድርገህ ነስንስበትና ተወው፣ ቅባቱን ይጠጣዋል። ከዚያ ታራግፈውና በፈሳሽ ሳሙና ነካ ነካ ታደርገዋለህ።"

ነሰነስኩ። በሶውም የዳቦ ቀለም ስላለው ከወንበሩ ጋር ተመሳሰለ። መስኮቱን ዘጋሁና ሥራውን እስኪሠራ ብዬ የሹፌሩ ወንበር ላይ ጋደም አልኩ።

ወዲያው መኪናዋ ጎኔን ጎሰም አደረገችኝ።

"ተነስ" አለችኝ። "እስካሁን እኔ ተሸክሜሃለሁ፤ አሁን ተራው ያንተ ነው።"

ወጣሁና ጎንበስ አልኩላት። ጀርባዬ ላይ ወጣች። አልከበደችኝም፤ ብቻ መታጠፊያ ላይ ጆሮዬን ትጎትታለች። ላቫጆ ስንደርስ መኪኖች ተሰልፈው ሰው ያጥባሉ። አንድ የጭነት መኪና አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ አስጎንብሶ አንገቱን በግሪስ ይለቀልቀዋል። ሰውየው "ብብቴን ረሳኸው" እያለ ይቆጣል። ለካ በዚያ አገር መታጠብ ማለት መቀባት ነው።

የጭነት መኪናው ሸሚዜን አየና ፊቱን አዞረ።

"ልጆች ባሉበት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ይመጣል?" አለ።

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ የልጆቹን ዓይን በእጁ ሸፈነ። አፈርኩ። መኪናዋን እንዳዘልኩ ሸሽቼ ወጣሁ።

አደባባዩ ጋ ነጭ ጓንት ያደረገች አህያ ትራፊክ አስቆመችኝ።

"እድፍህ የታል?"

"ኋላ ወንበር ላይ ነው።"

በመስኮት አንገቷን አስገብታ አሸተተች። ጆሮዋ ቀጥ አለ። ኮፍያዋን አወለቀች፣ እንባዋም መጣ።

"የሸኖ ነው" አለች። "ጌታዬ፣ ምነው አስቀድመው ቢነግሩኝ?"

ፊሽካዋን ስትነፋ መንገዱ ሁሉ ለእኔ ተለቀቀ። ሰው በየመስኮቱ ብቅ እያለ ወጥ የፈሰሰበት የጠረጴዛ ልብሱን አውለበለበልኝ። የሳሙና ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው በጓሮ በኩል ፈረጠጡ። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። ደረቴን ነፋሁ፤ ደግሞስ ለምን አልነፋ።

ከዚያ በምን እንደደረስኩ እንጃ፣ አማቴ ግቢ ነኝ። የመኪናዋ ወንበሮች ከወለሉ ተነቅለው፣ ጋቢ ደርበው፣ ከዘራ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ለካ የእኔ ሽማግሌዎች እነሱ ናቸው። ባለ ቅቤው የኋላ ወንበር መሐል ቆሟል፤ ተናጋሪው እሱ ነው።

አማቴ ወጡ። የለበሱት ነጭ፣ ከነጭም ነጭ ነው። ጎረቤቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። አንዲት ሴት "ምስኪን፣ ልብሱ ላይ የሚያንጠባጥበው እንኳ የለው" ስትል ሰማሁ።

"ግቡና ቁጭ በሉ" አሉ አማቴ።

"አንቀመጥም" አለ የኋላ ወንበር።

"ወንበር ሆናችሁ?"

"ወንበር ስለሆንን ነዋ። ዕድሜ ልካችንን ስንቱ ሲቀመጥብን ኖሯል፤ መቆም እንዴት እንዳማረን አያውቁም።"

"ጉዳያችሁ ምንድን ነው?"

"አንዲት ቃል ልንለምን ነው። ይህን ሰው ልጄ ይበሉት።"

አማቴ መሬቱን በከዘራቸው መቱት። "ያኔ የላካቸው ሳልሰጣቸው ተቀምጠዋል" አሉ።

"እኛ ግን ዓመትም ቢሆን እንቆማለን" አለ ወንበሩ። "የሚያመን ጉልበት እንደሆነ የለን።"

ጉልበት የሌለው ሽማግሌ ምን ይደረጋል? አማቴ አጥሩ ላይ ያለውን ጎረቤት አዩ፣ ነጭ ልብሳቸውን አዩ፣ ወንበሩ ላይ በፀሐይ የሚያብረቀርቀውን ቅቤ አዩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ትንሽ ታካፍለኛለህ?" አሉኝ።

"ማንን ነው የሚለምኑት?" አልኳቸው። ጨከንኩ፣ አዎ። አራት ዓመት ቀላል ነው እንዴ?

"ደርበውን" አሉ ቀስ ብለው። "ልጄን ደርበውን።"

እልልታው ግቢውን ሞላው። ቅቤውን በሁለት እጄ ዛቅሁና ልብሳቸውን ደህና አድርጌ ቀባሁላቸው። ጎረቤቱ አጨበጨበ፣ አህያዋ ሰላምታ ሰጠች፣ ወንበሮቹ ተጋግዘው ተሸከሙኝ። አለቀስኩ። ከደስታ ማለቴ ነው። ከላይ ሆኜ ሳይ አማቴ ቅቤያቸውን ለጎረቤት እያሳዩ፣ "የልጄ የደርበው ነው፣ የደርበው" ይላሉ።

"ደርበው። ኧረ ደርበው፣ ረፍዷል።"

ብንን አልኩ። ላቤ ጠብ ጠብ ይላል፤ መኪናዋ ምድጃ ሆናለች። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ አማቴ ናቸው። ነጭ የአገር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ታቅፈው፣ ኋላ ወንበር ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል። በስሜ ጠሩኝ፤ ያውም በውኔ።

"አንተን ስጠብቅ እኔንም ሸለብ አደረገኝ" አሉ። "ወንበሩን ምን እንዳደረግኸው እንጃ፣ እንዲህ ለስልሶና ሞቆልኝ አያውቅም።"

ሞተሩን አስነስቼ ነዳሁ። ልጅ የሚጠይቁበት ቤት በር ላይ ሁለቱ ጓደኞቻቸው ቆመው ይጠብቋቸዋል። አማቴ ወረዱ። ዞር ብዬ ወንበሩን አየሁ። በሶ የለ፣ ቅቤ የለ፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ጥርት ብሏል። ከዚያ አማቴን ከኋላቸው አየኋቸው። በሶውም ቅቤውም እዚያ ነበሩ።

"አባባ" ብዬ ተጣራሁ።

ዞር አሉ። "አቤት፣ ልጄ።"

አራት ዓመት የጠበቅኋት ቃል።

"አደራዎን፣ እስኪሰጥዎ ድረስ እንዳይቀመጡ።"

አማቴ ከልባቸው ሳቁ። "አሁን ገና ገባህ" አሉኝና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ገቡ።