የታሪክ ኮሚቴው በማለዳ መጣ

በእኛ አገር ሰው በማለዳ ቤትህ ከመጣ ወይ ሊያስታርቅህ ነው፣ ወይ ሊያረዳህ ነው። ብቻውን ከመጣ ገና ተስፋ አለ፤ ምናልባት በሬው ጠፍቶበት ይሆናል። አራት ሆነው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከመጡ ግን ምን ትጠይቃቸዋለህ? የምትወድቅበትን ቦታ መምረጥ ብቻ ነው የሚቀርህ። ይህን ሥርዓት ያወጡት አባቶቻችን ስልክና ሰዓት እላፊ እንደሚመጣ ቢያውቁ ኖሮ አንድ ማሻሻያ ይጨምሩበት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ነገሩ የሆነው በኮሮናው ዘመን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ውስጥ ነው። እኔና ባለቤቴ አስቴር ከሱቃችን ጀርባ ባለችው ክፍል እንኖራለን፤ ሱቁንም ክፍሏንም ያከራዩን ጎጎ ኖምሳ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ያን ሰሞን ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ካለው መንደራችን «እናትህን ትንሽ ጉንፋን ይዟታል» የሚል መልእክት ደርሶኛል። ስደተኛ ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። ከአገር ቤት የሚነገረን ጉንፋን ሁሉ ትንሽ ነው፤ እግሩ የተቆረጠ ሰው እንኳ ለእኛ ሲነገር «ትንሽ አሞታል» ነው። አውሮፕላን ቆሟል። አንድ ነገር ብትሆን አልደርስላትም። ሳምንቱን ሙሉ ዳቦ እየሸጥኩ ልቤ እሷ ዘንድ ነበር።

ለካ በዚያው ሳምንት፣ እኔ ሳላውቅ፣ ጆሃንስበርግ ያለን የመንደሩ ልጆች ኮሚቴ ኖሮናል። ነገሩን የጀመረው ፎርድስበርግ ልብስ የሚሸጠው ተስፋዬ ነው። ከአሮጌ መጻሕፍት መሐል ስለ አንዲት የእንግሊዝ ገጠር መንደር የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ ያገኛል። የቤተ ክርስቲያኗ ደወል እንዴት እንደተሰቀለ፣ ወፍጮውን ማን እንዳቆመ፣ በትልቅ ዱባ ውድድር ማን ከማን ጋር እንደተኮራረፈ ሁሉ ተጽፏል። ተስፋዬ ተናደደ። የዱባ ኩርፊያ ታሪክ ከሆነ የእኛ መንደር ኩርፊያማ ስንት ቅጽ ይወጣዋል? ጀርሚስተን ያሉት ጋሽ ላጲሶ ሊቀመንበር ሆኑ። አገር ቤት ላለው የመንደሩ መምህርም «ታሪክ ልንጽፍ ነው፣ ሽማግሌዎቹን አዘጋጅልን» ተብሎ ተጻፈለት። ከዚያ ድሮውን በደንብ የሚያስታውስ ማን አለ ሲባል እናቴ ተመረጠች።

ድምፅዋን ለመቅዳት የልጇ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን ደግሞ በስልክ መጠየቅ ነውር ነው። ቀን ሁሉም ሱቅ ላይ ነው፣ ማታ ሰዓት እላፊ አለ። ስለዚህ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ አራት ሆነው በተስፋዬ መኪና መጡ።

በሩን ስከፍት አራት ሰው ጭምብል አድርጎ ተሰልፏል። ጋሽ ላጲሶ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «የመጣነው በእናትህ ጉዳይ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። የወደቅሁት የሩዝ ጆንያዎቹ ላይ ነው፤ ቦታ መምረጥ እችልበታለሁ። አስቴር ጩኸቷን ለቀቀችው። ጎጎ ኖምሳ ብርድ ልብሳቸውን ደርበው ወጡና ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ «ሼም፣ ቡቲ፣ ሼም» እያሉ፣ በእኛ «አይዞህ ወንድሜ» ማለት ነው፣ አብረውን ያለቅሱ ጀመር። እግዜር ይስጣቸው። አስቴር በዚህ መሐል ሆሳዕና ላለችው እህቷ ደውላ «ጉድ ሆንን፣ ቤታችን መርዶ ገባ» ስትል መስመሩ ተቋረጠ። እህቷ የሰማችው የአስቴርን ድምፅ ብቻ ነው፤ የእኔን አልሰማችም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ኮሚቴው ደነገጠ። ጋሽ ላጲሶ «ኧረ ማንም አልሞተም» አሉ። ማንም አልሞተም! መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ አይደለም እንዴ? እኔ ራሴ የስንቱን ሰው በር አንኳኩቼ እንዲህ ብያለሁ? ተስፋዬ ማስረጃ ይሆናል ብሎ ያንን የእንግሊዝ መጽሐፍ ከኮቱ አወጣ። ሽፋኑ ላይ ቤተ ክርስቲያንና የመቃብር ቦታ አለ። አስቴር እንደገና ጮኸች።

እናቴ ስልክ የላትም፤ የምትገኘው በጎረቤታችን በመምህሩ ስልክ ነው። ደወልን፤ ተይዟል። ደግመን ደወልን፤ አሁንም ተይዟል። በማለዳ ይህን ያህል የሚያወራው ከማን ጋር ነው?

አንድ ሰዓት ያህል እንዲሁ ጠበቅን። ጋሽ ላጲሶ ሊያጽናኑኝ ይሁን ሥራቸውን ሊሠሩ እንጃ፣ ስለ እናቴ ያወሩ ጀመር። የጸሎት ቤቱ ቆርቆሮ ከሆሳዕና ሲመጣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ቀረ። ቆርቆሮውን ሴቶቹ ተሸክመው አስገቡት፤ እናቴ ከፊት ሆና እየዘመረች፣ እኔን በሆዷ ይዛ። ይህን አላውቅም ነበር። እንሰት ሲፋቅ ሴቱ ሁሉ አንድ ጓሮ ተሰብስቦ የሚሳቀው ሳቅ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ፊታችን በዱቄት ነጭ ሆኖ የተሳሳቅነው ሁሉ ትዝ አለኝ። መንደሬ እንዲህ ናፍቃኝ አታውቅም። ተስፋዬ ግን ቆርቆሮው በበቅሎ ነው የመጣው አለ። ለቅሶዬን አቋርጬ ተከራከርኩት።

በክርክሩ መሐል ስልኬ ጠራ። የመምህሩ ቁጥር ነው፤ ድምፁ ግን የእናቴ ነው፤ አፍንጫዋ ተደፍኗል፣ በእውነትም ትንሽ ጉንፋን ነው። «እማ!» ብዬ ጮህኩ። ከኋላዋ አንድ ሰው «እሱ ነው እንዴ? በሕይወት አለ?» ሲል ሰማሁ። ያኔ ገባኝ፤ የአስቴር እህት እኔን ገድላ በመምህሩ ስልክ ለመንደሩ አስታውቃለች።

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ያለችው በሀዲይሳ ነው፣ አማርኛው የእኔ ነው። «ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ በዚህ ማለዳ መጥተው ቤቴን ሞልተውታል። ዓይናቸው ቀልቷል። ለምን መጣችሁ ስላቸው የመንደሩን ታሪክ ልንጠይቅሽ ነው ይሉኛል። እኔ ሞኝ ነኝ? ታሪክ በማለዳ የሚጠይቅ ሰው አለ? አንተ አትዋሸኝም፤ ማን ነው የሞተው?»

«ኧረ ማንም አልሞተም» አልኳት።

ጩኸቷን ለቀቀችው።