አራት እግር ያለው ላፕቶፕ

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ነቁጥ የተጨመረችበት እንደሆነ የማኅበሩ ማንቆርቆሪያ ዳግመኛ አይፍላ፤ የአባላቱም ብስኩት ሻይ ውስጥ ተቆርጦ ይቅር። በሰሜን እንግሊዝ ዝናብ ሥር ለሚኖር ሰው ከዚህ የከበደ መሐላ የለም። እንዲህም ተምሎለት ለሚጠራጠር፣ ምስክር አለች፤ የባለታሪኩ ሚስት ቤሪል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነበረች፤ ዋሽታም አታውቅም። ትጠየቅ።

ባለታሪኩ ሌዝሊ ፒልቢም ይባላል። ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የሊፍት ጥገና ጡረተኛና የከተማዋ የጥንት ኮምፒውተር ወዳጆች ማኅበር የሥራ አስፈጻሚ አባል። ማኅበሩ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሰበሰባል። ዓላማው ታላቅ ነው፤ ተራው ሕዝብ በኪሱ በያዘው ስልክ በዓይን ጥቅሻ የሚጨርሰውን ሥራ፣ አባላቱ ራሳቸው በበየዱት ማሽን በአሥራ አንድ ሰከንድ እንዲጨርሱት ማብቃት።

በዚህ ረገድ የሌዝሊ ኮምፒውተር እንከን አልነበረባትም። ቁርስ ላይ ቶስት እንደሚደረደርበት ሽቦ መደርደሪያ ናት፤ አምስት ካርዶች ጎን ለጎን ቆመውባታል፤ አንድም ሳይቀር በሌዝሊ እጅ የተበየዱ። ከአንድ እስከ አንድ ሺህ ያሉትን ቁጥሮች ደምሪ ብለው ሲያዟት፣ አሥራ አንድ ሰከንድ አስባ፣ ውጤቱን ሰጥታ፣ «ዝግጁ ነኝ» ትላለች። ሌዝሊ ይህን መልስ ሲሰማ ስድስት ዓመት ሙሉ ከጓሮው የጣውላ ክፍል አልወጣም ቢባል ግነት አይደለም። እራት ለመብላት ብቻ ይወጣ ነበር።

አንድ ቀን ቤሪል በጣውላው ክፍል መስኮት ሻይ እያቀበለችው፣ «ሌዝ» አለችው፣ «ባልሽ የት ነው ሲሉኝ ወደ ጓሮ መጠቆም ሰለቸኝ። ሳሎን እኮ ወንበር አለህ።»

«ማሽኗ አትንቀሳቀስማ፣ የኔ ቆንጆ! ስክሪኑ እዚህ፣ ኪቦርዱ እዚያ፣ የኃይል ሳጥኑ ደግሞ ግድግዳው ላይ።»

«የእህቴ ቤትም አይንቀሳቀስም። ዊትቢ፣ ባሕሩ ዳር ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። ካቻምና ማሽኔን ጥዬ አልሄድም አልክ። አምናም እንደዚያው። ዘንድሮ ከተጋባን አርባ ዓመታችን ነው፣ ሌዝ።»

ሌዝሊ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። የታላላቅ ሰዎች ታላቅ ሐሳብ በእንዲህ ያለ ሰዓት ነው የሚመጣው።

«ላፕቶፕ አደርጋታለሁ!» አለ። «ባሕሩ ዳር ጭኔ ላይ አስቀምጬ ካንቺ ጎን እቀመጣለሁ። በማኅበሩ የፀደይ ትርዒት ላይ ከሠራች፣ በሚቀጥለው ሰኞ ዊትቢ ነን።»

«ቃልህ ነው?»

«የሥራ አስፈጻሚ አባል ቃል ነው።»

በዚህ ሁኔታ ከጓሮ የመውጫው ስትራቴጂያዊ ዕቅድ ይፋ ሆነ። የዕቅዱ የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ ባለሙያው ያለማቋረጥ ጓሮ እንዲቀመጥ የሚጠይቅ ነበር። በመሆኑም የእራቱ መውጣት ቀረ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የሌዝሊ ላፕቶፕ ከእንቁላሉ ጋር አብራ ብትነሳ ኖሮ እንቁላሉ ደርሶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ወልዶ ይጠብቃት ነበር። ማቀፊያዋ የቤሪል እናት የጫጉላ ሻንጣ ሆነ። ማጠፊያዎቹ ከወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን ተነቀሉ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሳህን የፈለገ ሰው በሩን በእቅፉ ይዞ ነው የሚያወጣው። ስክሪኑ፣ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ለሾፌሩ ኋላውን የሚያሳየው ነው፤ ለማኅበሩ ዓላማ ከዚህ የተስማማ አይገኝም። ባትሪው ከኤሌክትሪክ ዊልቸር መጣ። ሁሉም ሲገጣጠም አሥራ አራት ኪሎ መዘነ።

ሌዝሊ ጭኑ ላይ አድርጎ ሞከራት። በስድስተኛው ደቂቃ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ የሌላ ሰው መሰለው። ሆኖም ችግር የጀግና መፈተኛ ነውና፣ አራት የሚታጠፉ እግሮች ሠራላት።

«ይሄ እኮ ጠረጴዛ ነው» አለች ቤሪል፣ ዞራ ዞራ አይታ።

«ላፕቶፕ ናት። እግሮቹ ተጨማሪ አገልግሎት ናቸው።»

«ጠረጴዛማ አለን። ሳሎን ውስጥ። ወንበርህ ፊት ለፊት።»

አንድ እንቅፋት ብቻ ቀረ። የመኪናው ስክሪን የጥንቷን ኮምፒውተር ቋንቋ አይሰማም፤ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። አስተርጓሚው ጥፍር የምታክል የዛሬ ዘመን ቺፕ ናት፤ ከእመቤቷ ሺህ ጊዜ ትፈጥናለች። የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ አራት ግን «ዕድሜው ከአርባ ዓመት በታች የሆነ ቺፕ በአባል ማሽን ውስጥ አይገኝም» ይላል። ሌዝሊ ከኅሊናው ጋር ተሟገተ። ችሎቱ ሁለት ደቂቃ ያህል ፈጀ፤ ከዚያ ቺፗን በጥቁር ናስትሮ ጠቅልሎ «ሕግ ያላየውን አይከስም» ሲል በየነ።

በዚያው ክረምት ካርዶቹ ለብየዳ ተፈተው ስለነበር፣ ኪቦርዱን የሚሞክርበት አጣ። ስለዚህ ያችኑ ቺፕ፣ እመቤቷ በሌለችበት በእመቤቷ ድምፅ እንድትመልስ አስተማራት። አክብሮትም አስተማራት፤ መልሱን ወዲያው እያወቀች አሥራ አንድ ሰከንድ ዝም ትላለች።

የትርዒቱ ቅዳሜ ደረሰ። ጠዋት ሌዝሊ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ብሎን ሊያጠብቅ ሻንጣውን ከፍቶ ሲጎረጉር፣ ቤሪል «አውቶቡሱ!» ብላ ጮኸች። ጥርቅም አድርጎ ዘጋና ሮጠ። ሻንጣው ቀለል ያለው መሰለው። የድል ቀን ጉልበት ነው አለ።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር፤ በትንሹ ቢገመት አራት መቶ ሰው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ግራንቪል ኦክስቶቢ፣ ጡረተኛ የሂሳብ መምህርና የአንቀጽ አራት ደራሲ፣ መነጽሩን ጠርጎ ወደ ላፕቶፗ ቀረበ። አራቱ እግሮች ተዘረጉ። ሌዝሊ ማብሪያውን ተጫነ። ቤሪል ከአዳራሹ ጀርባ ሻይ እየቀዳች ነበር፤ በየመሃሉ ቀና እያለች ታያለች።

ሊቀመንበሩ በአንድ ጣቱ ትእዛዙን ጻፈ፤ ከአንድ እስከ አንድ ሺህ ደምሪ።

አንድ ሰከንድ። አምስት። ዘጠኝ። አንድ ሽማግሌ መሀረቡን አወጣ። በአሥራ አንደኛው ሰከንድ «500500» የሚለው ቁጥር ብቅ አለ፤ ከሥሩም «ዝግጁ ነኝ»።

«ክቡራንና ክቡራት!» አለ ግራንቪል። «ይህን ዝግታ አያችሁት? ይህን የከበረ ዝግታ የዘመኑ ቺፕ ልምሰል ቢል አይችልም! የጥንት ብረት ነፍስ አለው። ለሚሰማ ጆሮ ይሰማል።»

«ይሰማል! ይሰማል!» አለ ሕዝቡ።

«ክቡር ሊቀመንበር፣ በአንቀጽ አራት መሠረት ግን ውስጧ ይታይ» አለ አንድ ነገረኛ ከኋላ።

«በእንዲህ ያለች ማሽን ፊት ካቻቢቴ ማንሳት ነውር ነው! ለአርባ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የኮረጀ ከአሥር ሜትር ይሸተኛል።»

የዓመቱ ዋንጫ፣ ማለትም በእንጨት ላይ የተተከለው አሮጌ የኮምፒውተር ጨዋታ መቆጣጠሪያ ዱላ፣ ለሌዝሊ ተሰጠ። ሌዝሊ ዋንጫውን እንደታቀፈ ደረቱ አበጠ፤ ያበጠ ደረት ደግሞ ንግግር ሳያደርግ አይተነፍስም።

«ወዳጆቼ! ይህ ገና ጅማሮ ነው። ሁለተኛዋ ሞዴል ሁለት እግር ብቻ ይኖራታል! አሥራ አንድ ኪሎ ትሆናለች! ከነገ ጀምሮ ወደ ጓሮ እገባለሁ፤ ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው። ዊትቢም ብትሆን» አለ ዓይኑን ወደ ሻይ ጠረጴዛው ሳያዞር፣ «ዊትቢ የትም አትሄድም። ባሕሩ እዚያው ነው።»

ጭብጨባው ሞቀ። ቤሪል ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። እጇን በፎጣ አደራረቀች። በሰዎቹ መሃል «ይቅርታ፣ አንዴ አሳልፉኝ» እያለች መጥታ የእጅ ቦርሳዋን ከፈተች፤ በመነጽር ማኅደሯና በሚንት ከረሜላው መሃል ጎርጉራ፣ የቶስት መደርደሪያ የመሰለች ነገር አውጥታ ላፕቶፗ አጠገብ አስቀመጠች። አምስቱ ካርዶች ቆመውባታል።

«ሌዝ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ይቺ ጠዋት ዳቦ ሣጥኑ ላይ ቀርታ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ልሰጥህ ስል ንግግርህን ታጠና ነበር።»

ዋንጫው በሌዝሊ እቅፍ ውስጥ አዘመመ።

«ይቺ…» አለ ግራንቪል መነጽሩን እያወለቀ፣ «ይቺ ኮምፒውተሯ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ታዲያ ሲደምር የነበረው ማነው?»

ከናስትሮው ሥር ያለችው ምስኪን ቺፕ እዚያው ስክሪኑ ላይ «ዝግጁ ነኝ» እንዳለች ነበረች።

«የለም፣ የለም!» አለ ግራንቪል፣ እጁን እያወናጨፈ። «ስትሠራ አራት መቶ ሰው አይቷል! ቃለ ጉባኤ ተይዟል!»

«አሥራ አራት ኩባያ ነው የቀዳሁት፣ ሚስተር ኦክስቶቢ» አለች ቤሪል በትሕትና። «ከጠጡትም ሁለቱ ከዝናብ ለመጠለል ነው የገቡት።»

ከዚያ መደርደሪያዋን አንስታ ወደ ቦርሳዋ መለሰቻት። ልክክ ብላ ገባች። ዘለበቱ ቀጭ አለ።

«ከመጀመሪያውም እዚህ ትገባ ነበር፣ ሌዝ» አለች። «አልንቀሳቀስ ያልከው አንተ ነህ። እሷ ሰኞ ጠዋት ከኔ ጋር ዊትቢ ትሄዳለች። አንተስ?»