ከቀይዋ መኪና የወጣው ወንበር

ቅናት እንደ ሰዉ ነው። አንዱ በጎረቤቱ ቡና ይቀናል፤ ሌላው በወንድሙ ትዳር። ምንም የሚቀናበት ያጣው ደግሞ ለቀብር በወጣው ሕዝብ ብዛት በሟቹ ይቀናል። አይታችሁ ይሆናል። የኔ ግን ሲነገርም ያሳፍራል፤ እኔ የምቀናው በወንበር ነው። አትሳቁ፣ ቆዩኝ።

በንጉሡ ጊዜ፣ የዲላ መንገድ ገና አስፋልት ሳያውቅ፣ የአንድ ቡና ነጋዴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ። ነጋዴው ግዛው የሚባል ልጅ ነበራቸው። አዲስ አበባ ተምሮ ሲመለስ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና ይዞ መጣ። በገበያ ቀን ብቅ ስትል ሰዉ ዋጋ መከራከሩን ይተዋል። ከጎጆ የሚተልቅ መኪና የምነዳው እኔ እንኳ ዓይኔ እሷ ላይ ይቀራል።

በመኪናዋስ ባልቀናሁ። ችግሩ ሁለተኛው ወንበር ነው። ብርቄ የምትባል፣ በነጋዴው መጋዘን ከቡናው ውስጥ ብልሹውን የምትለቅም ልጅ ነበረች። ዓመት ሙሉ ልቤን ልነግራት አስቤ አንድም ቀን ከ«እንደምን አደርሽ» አላለፍኩም። ግዛው ግን አፍ አለው። አዲስ አበባ የመኪና ውድድር አለና አጠገቤ አስቀምጬ እወስድሻለሁ፣ አክስትሽ ቤት ታርፊያለሽ አላት። ለጉዞው ሻሽ ገዛች። መጋዘኑ ሁሉ ሻሹን አየ። እኔም አየሁ።

ውድድሩ ምን እንደሚመስል ግዛውን ጠየቅሁት። በገለባ እስር የታጠረ ሜዳ ደጋግሞ መዞር ነው አለኝ። ከተነሱበት ለመድረስ ይህ ሁሉ ጥድፊያ። ይህን በልቤ ነው ያልኩት፤ ልማዴ ነው።

ከዚያ መኪናዋን ለውድድር ያሰናዳት ጀመር፤ መፍቻ የማቀብለው እኔ። የውጭ አገር መጽሔት እያገላበጠ፣ ቀላል መኪና ፈጣን ነው ይለኛል። የፊትና የኋላ መከላከያዋን ፈታን። ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታዋን አውጥተን በቀጭን ቱቦ ተካነው፤ ስትነሳ የከተማው ውሻ ሁሉ መለሰላት። ኩርባ ላይ እንዳትገለበጥ ብሎ ሞላዎቿን አስቆርጦ መሬት ልትስም ምንም እስካይቀራት ዝቅ አደረጋት። ምንጣፉም፣ ስኮርታ ጎማውም ወጣ። ግዛው ላቡን ጠረገና ሌላ ምን ይቀነስ አለ።

እኔ ያን ቀን ያወጣሁት ቃል አንድ ነው። ሁለተኛውን ወንበር በእግሬ ነካ አድርጌ፣ «ይሄስ?» አልኩ።

ግዛው ጀርባዬን መታ መታ እያደረገ ሳቀ። «አንተ ዝምተኛ፣ ለካ ነገሩ ገብቶሃል» አለኝ። ቡሎኖቹን ፈታን። ወንበሩን ውሰደው ስላለኝም ወሰድኩት። የኔ ጋቢና የተሳፋሪ ወንበሩ ተሰብሮ ሳንቃ ነበር የተጋደመበት፤ በሳንቃው ፋንታ አሰርኩት።

በጉዞው ጠዋት ብርቄ ሻሿን አስራ መጣች። ግዛው ሞተሩን አስነስቷል። ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች፤ መቀመጫ የለም። ስመለስ ሌላ ቀን እወስድሻለሁ አለና ተፈተለከ። አቧራው ሻሿ ላይ አረፈ። እኔም ቡና ጭኜ ወደዚያው ነኝና የጋቢናዬን በር ከፈትኩላት። ወጣችና ወንበሩን ዳሰሰችው።

«ይሄ የኔ ወንበር ነው» አለች።

«አዎ» አልኩ።

አዋሳ ሳንደርስ ግዛውን መንገድ ዳር ቆሞ አገኘነው። መኪናዋ ለሜዳው ዝቅ ብላለች፤ ወደ ሜዳው የሚወስደው መንገድ ግን ድንጋይ አለው። ሆዷ ተቀዶ ዘይቷ ፈሷል። ጋቢናው ሙሉ ነውና ግዛው ቡናው ላይ ወጣ። ብርቄ ሻሿን ፈታችና ለአቧራው ይሁንህ ብላ በመስኮት አቀበለችው። በዚያም ቀናሁ።

ብርቄን አገባኋት። የጭነት መኪናው አርጅቶ ሲጣል ግን «ወንበሩን አውርድልኝ» አለች። ይኸው በረንዳችን ላይ ነው፤ ሽፋኑን ስንት ጊዜ አስቀየረችው። ማታ ማታ ወደ አስፋልቱ ዞራ ትቀመጥበታለች። መኪና ባለፈ ቁጥር ቀና ትላለች። አንድ ቀን ብቻዋን ፈገግ ስትል አየኋትና ምን ትዝ አለሽ አልኳት።

«በዚያች መኪና ብሄድ ኖሮ ነፋሱ እንዴት ያደርገኝ ነበር እያልኩ ነው።»

ደክሞኝ አረፍ ልበልበት ብላት፣ ላንተ የእንጨት ዱካው አለልህ ትለኛለች። ግዛውን በአንድ ቃል አሸንፌዋለሁ። ለወንበሩ ግን እስከ ዛሬ ቃል አላገኘሁለትም።