ዝንጀሮን በቲኬት

ሰው ሠለጠነ የሚባለው በነጻ ሲያባርረው የኖረውን ነገር ከፍሎ ማየት ሲጀምር ነው። ይህን ትርጓሜ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ የሽቦ አጥር ፊት፣ በሸሚዝ ብቻ ቆሜ ነው ያገኘሁት። ወደ ሸሚዙ እመለሳለሁ።

ከተማ ከርሞ የተመለሰ ወጣት አትመኑ። እኔን ማለቴ ነው። ከሚሴ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ሠርቼ ስመለስ የባጃጁ ጫጫታ ኋላ ቀርነት መስሎ ታየኝ። የአዲስ አበባ ጫጫታ ግን፣ ልብ አድርጉ፣ ሥልጣኔ ነው! ኮት መልበስም አመጣሁ። የከሚሴ ሙቀት ኮት አይወድም፤ እኔ ደግሞ የሙቀቱን አስተያየት አልጠየቅኩም።

ከፋጡማ ጋር ኒካ ካሰርን ሁለት ወር ሆኖናል። እሷ ግን ገና ከአባቷ ቤት፣ ከጨፋ ሮቢት በላይ ካለው ተዳፋት አልወረደችም። አባቷ ሼህ ይመር ነገሩን አሳጥረው ነግረውኛል። ልጄን በግድ መኪና ላይ አልጭንም፤ ከገዛ አፏ «እሄዳለሁ» የሚል ቃል ከወጣ ውሰዳት፤ ካልወጣ አንተው ወደዚህ ና፤ ደግሞም ማሽላው እያፈራ ነው፣ ከሷ የተሻለ ጠባቂ የለኝም አሉ። ከአዲስ አበባው መሥሪያ ቤቴ የወሰድኩት ፈቃድ ሊያልቅ አንድ ቀን ቀርቶታል። ፋጡማን በጠየቅኳት ቁጥር «እስቲ ኢንሻአላህ» ትለኛለች። ይህ እሺ ነው እንቢ? የተናገረችውም የምታውቅ አይመስለኝም።

ያን ሰሞን አንድ ባለሀብት መንገድ ዳር መካነ እንስሳት ከፈተ ሲባል ሰማሁ። ወዲያው ብልህነት መጣብኝ። ከተማን በትንሹ ላቅምሳት አልኩ። ቲኬት፣ ወረፋ፣ አስጎብኚ፣ ፎቶ፣ መጨረሻ ላይ ለስላሳ። ከተማ ከዚህ ሌላ ምን አለው?

በማግስቱ ሄድን።

መጀመሪያ ያገኘነው ግመል ነው። አዎ፣ ግመል። ከአፋር ወደ ሰንበቴ ገበያ በየሳምንቱ የሚነዳው ያው ግመል። እዚህ ግን ስሙ በሰሌዳ ስለተጻፈለት ማዕረግ አግኝቷል። ከአጥሩ ውጪ ደግሞ ሌሎች ሁለት ግመሎች፣ ሰሌዳ የሌላቸው፣ የመንገዱን ግራር እየቀነጠሱ ውስጥ ያለውን ያዩታል። ማን ማንን እንደሚጎበኝ ለጊዜው ግራ ገባኝ። ፋጡማ የውስጡን ጥርሱን አየችና «ይሄ እኮ አርጅቷል፤ ሰንበቴ ገዢ ቢያጣ ነው እዚህ ያመጡት» አለች። ባጅ ያንጠለጠለው አስጎብኚያችን ሳቀ። ከዚያ ሳቁን በድንገት አቆመ። እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ ዝንጀሮው። አስጎብኚው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ይህ ዝንጀሮ ይባላል፣ በመንጋ ይኖራል፣ ማሽላ ይወዳል ብሎ አነበነበ። ፋጡማ «የማንን ማሽላ?» አለችው። ይህ በያዘው ወረቀት ላይ የለም። እሷ ወደ ሽቦው ጠጋ ብላ እንደ ድሮ ጎረቤት «አካም ቡልቴ፣ ጀልዴሳ!» አለችው፤ እንዴት አደርክ ዝንጀሮ ማለቷ ነው። ዝንጀሮው ፊቱን አዞረ። ያወቃት መሰለኝ።

ለካ ሚስቴ ልጅነቷን ያሳለፈችው ማማ ላይ፣ ወንጭፍ ይዛ፣ ከዚህ እንስሳ ዘመዶች ጋር ስትዋጋ ነው! እኔ ይህን የሰማሁት ቲኬት ቆርጬ ነው። ዝንጀሮ ሴት አይፈራም አለችን፤ ሴት ብትጮህበት ማሽላውን እያላመጠ ያያታል፤ ስለዚህ የአባታችንን ኮት ለብሰን ነው የምንጠብቀው። አስጎብኚው ማስታወሻ ያዘ። እኔ ደረቴን ነፋሁ። ወንድ ነኝ፣ ኮትም ለብሻለሁ። የሚያስፈራ ነገር ከተባለ እጥፍ ድርብ ነኝ ማለት ነው።

ጊዜው ደረሰ አልኩና ስልኬን አወጣሁ። የተከራየሁትን የኮንዶሚኒየም ክፍል ፎቶ አሳየኋት። አራተኛ ፎቅ። ኩሽናው። መስኮቱ። ከመስኮቱ ማዶ የሌላ ሰው መስኮት። ብዙ አየችው። ከዚያ «ይሄን ያህል ከፍ ብሎ የተሠራ ማማ፣ ከላይ ሆነው የሚጠብቁት ምንድን ነው?» አለችኝ። ምንም አይጠበቅም፣ ይኖራል እንጂ አልኳት። «እስቲ ኢንሻአላህ» አለች።

በገንኩ። ሰው በበገነ ጊዜ ሁለት ነገር ማድረግ የለበትም፦ መፈረምና ፎቶ መነሳት። እኔ ጀርባዬን ለዝንጀሮው ሰጥቼ፣ ስልኩን ከፍ አድርጌ፣ «ፋጤ፣ ነይ እንጂ፣ ሳቅ በይ» ስል አንድ ጠጉራም እጅ ከሽቦው መካከል ወጣና ኑሮዬን ይዞ ገባ።

ዝንጀሮው ኩሽናዬን አየው። አሸተተው። ጥግ ጥጉን ነከስ አደረገው። አልጣመውም። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» ካለችው ዝንጀሮ ጋር ዝምድና እንዳለው የገባኝ ስልኩን ከሥሩ አድርጎ ሲቀመጥበት ነው።

ጮህኩ። ኮቴን አስተካክዬ፣ የአለቃዬን ድምፅ ተውሼ ጮህኩ። አዛጋ። እግሬን ከመሬት መታሁ። ዞሮ ያን ቀይ መቀመጫውን አሳየኝ። አስጎብኚው ደንግጦ፣ እባክዎ አያስጨንቁት፣ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ሰንበቴ ገበያ ሄዷል፣ ነገ ማመልከቻ ይዘው ቢመጡ ይሻላል አለኝ። ማመልከቻ! ለዝንጀሮ! ከኋላችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ «አብሽር ልጄ፣ ደውልለትና ለምነው» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። ግመሉም የሳቀ መሰለኝ።

ፋጡማ አልሳቀችም። «ኮትህን አምጣ» አለችኝ፣ ባልዲ አቀብለኝ በሚል ድምፅ። አወለቅኩ። ኮቱን ለበሰች፤ ኮፍያዬንም ከራሴ ላይ አንስታ ከሻሿ በላይ ደፋችው። እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች። ጎንበስ ብላ ከመሬት የሌለ ድንጋይ አነሳች። የትከሻዋን ነጠላ ለሁለት አጥፋ፣ የሌለውን ድንጋይ አጉርሳ፣ ከራሷ በላይ አሽከረከረችና «ዴሚ!» አለች፣ ሂድ ማለት ነው፤ ድምፁ ከእሷ ሳይሆን ከተራራው የመጣ ይመስል ነበር። ዝንጀሮው ስልኩን ጥሎ ጣሪያው ሽቦ ላይ ተሰቀለ። አስጎብኚው ባጁን ጨብጦ ዛፍ ተጠጋ። እውነቱን ልናገር? እኔም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጃለሁ።

ስልኩን በእንጨት ስባ አወጣችና በነጠላዋ ጠርጋ ሰጠችኝ። መስተዋቱ ተሰንጥቋል። ኩሽናው አለ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ በሸሚዝ የቆምኩት።

ያው ኮት፣ ያው ዝንጀሮ። ታዲያ ምን ጎደለኝ? ይህን ጥያቄ በባጃጁ መንገድ ሁሉ ሳመነዥከው ነበር፤ መልሱን ስለማውቀው ደጋግሜ ጠየቅኩት። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል ይባላል። ዝንጀሮው ግን ከሰው መርጧል፤ ሳይቸገርም።

ፋጡማ ኮቱን አልመለሰችም። ለስላሳም አልጠጣንም። ስለ አዲስ አበባ ደግሜ የማነሳበት ፊት አልነበረኝም፤ ነገ ብቻዬን ልሳፈር በልቤ ወስኜ ተዳፋቱን ስንጀምር ራሷ «እሄዳለሁ» አለችኝ።

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ኩራቴም ከተደበቀበት ብቅ አለ። ምን አሳመነሽ አልኳት፤ ፎቁ ነው? ኩሽናው ነው?

«አይ» አለች እጅጌውን እየጠቀለለች። «ዛሬ አየሁህ እኮ። እዚያ አገር ለብቻህ ማን ይጠብቅሃል?»

ቤት ስንደርስ ለአባቷ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። የመቀመጫውን እንኳ አልዘለለችልኝም። ሼህ ይመር መቁጠሪያቸውን ያዝ አድርገው ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ። አሁን ማሽላውን ያነሳሉ፣ ያስቀሯታል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው እኔን ትተው ወደ እሷ ዞሩ።

«ሂጂ ልጄ» አሏት። «ማሽላውን ተይው። እሱ ቢያንስ የእሾህ አጥር አለው።»