የዘሃራ ድስትና የክቡር ጀይሉ ባዶ ቤት

በየሰፈሩ "ምንም የለኝም" እያለ የሚኮራ፣ የጎረቤቱን ጓዳ ግን ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። መቀሌ ጨው ተራ አጠገብ ለሰፈሩት ወሎዬዎች ይህ ሰው ክቡር ጀይሉ ነበሩ። ክቡርነቱን የሰጠቻቸው ጎረቤታቸው ዘሃራ ናት፤ የሰጠቻቸውም ተናዳ ነው።

ክቡርነታቸው ቀን ቀን አሞሌ ጨው ሲጠፍሩ ይውላሉ። ማታ የሚገቡባት ቤት በሁለት ቤቶች መካከል የቀረች ክፍተት ስትሆን፣ ላይዋ ሣር ጣል ተደርጎባታል። ሲተኙ ወይ ራሳቸው ወይ እግራቸው ደጅ ያድራል፤ የትኛው እንደሚረጥብ የሚወስኑት ደመናውን አይተው ነው። ሀብታቸው አንድ አጎዛ፣ አንድ ጋቢና ለሶላት የሚታጠቡበት የውዱ ማንቆርቆሪያ ነው።

"ዕቃ ያበዛ ሰው የዕቃው ዘበኛ ነው!" ይላሉ፣ በዘሃራ በርጩማ ላይ ተቀምጠው።

ዘበኝነቱን ጠሉ እንጂ ዕቃውን መች ጠሉ? ድስቷን ተዋሱ። ወንፊቷን አስከተሉ። በመጨረሻም የተቀመጡበትን በርጩማ ይዘው ወጡ። ቤታቸው ደግሞ ስለማይችለው፣ የተዋሱትን መልሰው ለሌላ ያውሳሉ። አንድ ቀን ዘሃራ ወንፊቷን ሰው ቤት ተሰቅሎ አይታ "የማን ነው?" ብትል፣ "የጀይሉ ነው፤ ደግ ሰው" አሏት። ያን ዕለት ደሟ ፈላ።

ጣሊያን በወጣበት ዓመት ክረምት ለልጇ ለሳሊሃ ሽማግሌ ሊመጣ ሆነ። ዘሃራ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሐሳቧ ሁሉ ይቺን ልጅ ለደህና ሰው መዳር ነው። እንግዶቹ ማስቀመጫ እንኳ የሌለው ቤት አይተው ቢመለሱስ? በዝናቡ ልጇን አስከትላ ሄደች።

"ክቡር ጀይሉ፣ ዕቃዬን! ዛሬ ሽማግሌ ይመጣብኛል።"

"አብሽሪ፣ አይዞሽ። ድስቱ ከታች ሰፈር ጠሃ ዘንድ ነው፤ ኑ እናምጣው።"

ጠሃ ለሚስቱ እህት ሰጥቶታል። የሚስቱ እህት ለአማቷ ልካዋለች። ሦስቱም ጭቃውን እያቦኩ ከቤት ቤት ተንከራተቱ።

"ወላሂ፣ ዛሬ ለሰው መሳቂያ አደረጉኝ!" አለች ዘሃራ።

ድስቱን ተቀብለው ሲመለሱ ከዘሃራ ቤት በኩል የመደርመስ ድምፅ ተሰማ። ደርሰው ቢያዩ፣ ዝናብ ሲጠጣ የከረመው የአፈር ጣራ እንዳለ ወርዷል። ሳሊሃ ወጥ ስትሠራ የምትቀመጥበት ጥግ ድንጋይና ግንድ ሞልቶታል።

ዘሃራ ልጇን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ! ድስት ፍለጋ ባንወጣ ኖሮ እዚያ ጥግ ነበረች" አለች።

ሽማግሎቹ የደረሱት ይኸኔ፣ ዝናቡ ሲያባራ ነው። ክቡርነታቸው በዚያች ክፍተታቸው አጎዛቸውን አንጥፈው ከሽማግሎቹ አንዱን ውስጥ አስገቡ፤ የቀሩት ከተዋሰው ጎረቤት የመጣውን የዘሃራን በርጩማና የደጁን ድንጋይ ተካፈሉ። ጎረቤቱ የሠራውን ወጥ በዘሃራ ድስት ገልብጦ አመጣ። ሳሊሃም ተጠየቀች፤ አንገቷን ደፍታ እሺ አለች። ስለ ቤቱ ያነሳ ሰው አልነበረም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ክቡር ጀይሉ ድስቱን አጥበው ይዘው ቀረቡ። ሳይጠየቁ ዕቃ ሲመልሱ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

"እንኪ ዕቃሽን" አሏት፣ አፍረው።

ዘሃራ የፈረሰውን ቤቷን፣ ቀጥላም ደጁ ላይ በደህና የቆመችውን ልጇን አየች።

"ይዘውት ይሂዱ፤ ለቸገረው ሰው ያውሱልኝ" አለቻቸው።