ያልተከፈተው ስዊች እና ክቡር አቶ ኤርካሎ

በዚህ አገር የፈለጋችሁት መሥሪያ ቤት ግቡ፤ ንብረት ክፍል ውስጥ፣ አዲስ ዕቃ እንዳያረጅ ሲል መጋዘን ቆልፎበት የሚያሳረጅ አንድ ሰው ታገኛላችሁ። ኃላፊ ቢለወጥ እሱ አይለወጥም። ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጥቶ የሁላችንንም ጠረጴዛ ሲያገለባብጥ የእሱን ጠረጴዛ ዞሮት ነው ያለፈው። ቤቱ ብትሄዱ ሶፋው ላስቲኩ አልተገፈፈም፣ ሪሞቱ በፌስታል ተጠቅልሏል፣ ሰሃኑ እንግዳ ካልመጣ ከቡፌ አይወርድም። ይሁን፣ የራሱ ቤት ነው። መንግሥት ግን ይህንን ሰው ከስንቱ መሃል ፈልጎ ፈልጎ የመጋዘን ቁልፍ ይሰጠዋል።

የእኛው ክቡር አቶ ኤርካሎ ቶማ ይባላሉ። ሶዶ ላይ ያለ አንድ የዞን መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው። እኔ እዚያው የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ፣ ኢየሩሳሌም እባላለሁ፣ ጨጓራዬን የሸመትኩት ከእሳቸው ነው።

ደርግ ቀጠራቸው፣ ኢሕአዴግ መጥቶ እዚያው አገኛቸው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ያለ ፊርማ እርሳስ አላወጡም። አዲስ እስክሪብቶ የፈለገ ያለቀበትን እስክሪብቶ ያስረክባል። አንድ ጊዜ የኮሪደራችን አምፖል ተሰርቆ ስድስት ወር ግድግዳ እየዳበስን ሄድን። አምፖል ይሰጠን ስንላቸው የተቃጠለውን አምጡ አሉን። ተሰረቀ እንጂ አልተቃጠለም ብለን ብናስረዳቸው፣ እንግዲያው ሌባው ይመልስ አሉ።

ለሰርቨር ክፍሉ የተገዙ ስምንት መጠባበቂያ ባትሪዎችም ነበሩ። ሁለት ዓመት ካርቶናቸው ሳይከፈት ተቀመጡ። ባትሪ ደግሞ ሥራ ባይሠራም ቀኑ ሲደርስ መሞቱ አይቀርም፤ ሞቱ። ክቡርነታቸው የማስወገጃ ቅጹን ሲሞሉ «በማንም ያልተነካ፣ በጥሩ ሁኔታ የተያዘ» ብለው ጻፉና አስወገዷቸው። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እራት አልበላ አለኝ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ2001 ዓ.ም. አንድ ትልቅ የብረት ሣጥን መጣልን። ቻሲስ ይባላል። ሰርቨሮቹ እንደ መሳቢያ እየተንሸራተቱ ይገቡበታል፤ ከጀርባው ደግሞ ለሁለት ስዊች የሚሆን ቦታ አለው። ስዊች ማለት የሰርቨሮቹ በር ነው። ወረዳዎቹ ሁሉ፣ የቦምቤውም የሻንቶውም፣ ወደ እኛ የሚገቡትና ከእኛ ወደ ክልል የሚወጣው ሁሉ በዚያ በር ነው። ሁለት የሆነው በምክንያት ነው፤ አብረው ይሠራሉ፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ማንም ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል። ፋብሪካው ያሰበው እንደዚያ ነው። ፋብሪካው አቶ ኤርካሎን የት ያውቃቸዋል?

ሁለቱንም ስዊች ቆጥረው በዕቃ መቀበያው ደረሰኝ፣ በሞዴል አሥራ ዘጠኝ፣ ተቀበሉ። አንዱን ሰጡኝ፤ እሱንም የምገጥምበትን ቅንብር፣ የየወረዳውን የመስመር ቁጥር፣ በሙሉ በወረቀት አትሜ፣ አሥራ አራት ገጽ፣ ከቅጹ ጋር ካላያያዝኩ አይወጣም ብለው ግማሽ ቀን አቁመውኝ። ሁለተኛውንስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሁለቱ አብረው ከሠሩ አብረው ያረጃሉ» አሉ።

ደብዳቤ ጻፍኩ። አንዱ በመልካም ሁኔታ እየሠራ ስለሆነ ሁለተኛው አይወጣም የሚል መልስ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው፣ መጣልኝ። በዓመቱ ደግሜ ጻፍኩ፣ ያው መልስ መጣ፣ ቁጥሩ ብቻ ተቀይሮ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሳቸው ወረቀት የያዙ ሰው ናቸው፣ ምን ታደርጓቸዋላችሁ።

አንድ ጧት ደግሞ ሰርቨሮቹ በሙቀት ይጮኻሉ። ሮጬ ስገባ ቻሲሱ ነጭ ዳንቴል ለብሷል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈጠነች በእጃቸው የሠሩት፣ ዙሪያው ጠርዝ ያለው። የየክፍሉ ትርፍ ቁልፍ አቶ ኤርካሎ ዘንድ ስለሆነ ማታ ገብተው ያለበሱት እሳቸው ናቸው። አቧራ እንዳይገባበት ነው አሉኝ። አየር የሚስብበት ቀዳዳ በሙሉ ተደፍኗል፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት ብዘገይ ተቃጥሎ ነበር። ገፍፌ ጠረጴዛቸው ላይ ስወረውርላቸው በሥርዓት አጥፈው ተቀበሉና የመረከቢያ ደረሰኝ ሰጡኝ።

እስካሁን ያወራሁት ቢያስቃችሁ አልፈርድባችሁም። የሚቀጥለው ግን እኔን አላሳቀኝም።

ባለቤቴ ኢሳይያስ ቦምቤ ሒሳብ ያስተምር ነበር። ቅዳሜ ይመጣል፣ እሑድ ከቸርች መልስ ይሄዳል። መንገዱ ሲጨቀይ ሁለት ሦስት ሳምንትም ይቀራል። እንዲህ ሆነን ሦስት ዓመት ገፋን። ልጃችን አሮን ሁለት ዓመቱን ይዟል። ያን ሰሞን ኢሳይያስ ሲገባ ልጁ ቀሚሴ ሥር ተሸጎጠ፤ ሊያቅፈው እጁን ሲዘረጋለት ጩኸቱን ለቀቀው። ኢሳይያስ ሳቀ። ከዚያ ደጅ ወጣና የጫማውን ጭቃ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆየ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በ2003 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ባለትዳሮችን ለማገናኘት የሚል የመምህራን ዝውውር መጣ። ከቦምቤ የተፈቀደው ለአንድ ሰው ነው፣ እሱም ኢሳይያስ ሆነ። ዝርዝሩ እኛ ሰርቨር ላይ ተጠናቅቆ ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ወደ ክልል መላክ አለበት። ድሮ በፖስታ ይሄድ ነበር፤ አሁን በሲስተም ካልገባ አንቀበልም ይላሉ፣ ያመለጠው ለከርሞ ይጠብቃል። የዞኑን ወረዳ ሁሉ በመስመር የማገናኘው እኔ፣ ባሌን ከልጁ ጋር ለማገናኘት ያቺን ዓርብ ስጠብቅ ሳምንቱን በቅጡ አልተኛሁም።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ የስዊቹ መብራት ድርግም አለ። ነቀልኩት፣ መልሼ ሰካሁት፣ አባበልኩት፣ ሰደብኩት። ሞቷል። ወንድሙ ደግሞ ሃምሳ ሜትር ርቀት ላይ፣ መጋዘን ውስጥ፣ በላስቲኩ ተኝቷል። እዚህ ላይ ያልበገነ ሰው ምን ላይ ይበግናል?

በካፊያው ሮጬ ሄድኩ። አሮጌው ካልተመለሰ አዲሱ አይወጣም አሉኝ። ተመልሼ ሄጄ የሞተውን ነቅዬ አመጣሁላቸው። የብልሽት ማረጋገጫ አሉ፤ የሚያረጋግጠው ባለሙያ እኔው ነኝ፣ ቆሜ ጽፌ ፈረምኩ። የኃላፊ ፊርማ አሉ። ኃላፊያችን አቶ ዱባለ ሻንቶ ወረዳ ሄደዋል፣ ስለ መልካም አስተዳደር ግምገማ ተቀምጠዋል፣ ስልካቸው ዝግ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነ። ሰኞ ሲመጡ ይፈርማሉ አሉኝ አቶ ኤርካሎ፣ መነጽራቸውን ወደ ላይ እየገፉ፣ በረጋ ድምፅ። ያ መርጋታቸው ነው ያሳበደኝ።

«ጋሽ ኤርካሎ» አልኳቸው፣ «ልጄ አባቱን አያውቀውም። ሲያየው ይጮኻል። ዛሬ ይህ ዝርዝር ካልሄደ ሌላ ዓመት ሙሉ አያውቀውም። እርስዎ ለዚህ ላስቲክ የሚያዝኑትን ያህል ለሰው አዝነው ያውቃሉ?»

ሌላም ተናግሬአለሁ፤ ቸርች የምትሄድ ሴት የምትናገረው አልነበረም። ስጨርስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጁ ማን ይባላል?»

«አሮን።»

ቅጹን ወደ ራሳቸው ሳቡና ቀስ ብለው መጻፍ ጀመሩ። እኔ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ስለነበር የሚጽፉትን አላየሁም። ያየሁት መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፤ «ያጸደቀው» በሚለው መስመር ላይ፣ የአቶ ዱባለ ቦታ ላይ፣ የራሳቸውን ስም ጽፈው ፈረሙ። ከዚያ ካርቶኑን ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ እኔን አላምን ብለው ራሳቸው ተሸክመው ወጡ።

ስዊቹ አንድ ነጥብ አቧራ የለበትም። ግን አዲስ ነው፤ የትኛው ወረዳ በየትኛው መስመር እንደሚገባ አንድ በአንድ ልነግረው ግድ ነው። ያ ሁሉ ቁጥር የነበረው ኮምፒውተሬ ላይ ነው፣ ኮምፒውተሬን ደግሞ ሚያዝያ ላይ ቫይረስ በልቶት ባዶ ሆኗል። ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ፤ ከጭንቅላቴ አውጥቼ ልሥራ ብል እስከ ነገም አልጨርስም። አቶ ኤርካሎ ወጡና ያኔ ከቅጹ ጋር አያይዤ የሰጠኋቸውን አሥራ አራት ገጽ ይዘው ተመለሱ።

እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ጣታቸውን በምላሳቸው እያረጠቡ፣ መስመሩን በማስመሪያ እየተከተሉ፣ «አንድ መቶ ዘጠና ሁለት፣ ነጥብ» ይላሉ። ይፍጠኑ ስላቸው ቁጥር በጥድፊያ አይነበብም ብለው ከመስመሩ መጀመሪያ ይነሳሉ። ምነው ባነቅኳቸው አልኩ በልቤ። ግን አንዲት ቁጥር አልሳቱም። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው አረንጓዴው መብራት በራ፤ ዝርዝሩ ሊዘጋ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ክልል ገባ። ጌታ ይመስገን አሉና ላስቲኩን አጥፈው ይዘው ወደ መጋዘናቸው ሄዱ።

ሰኞ አቶ ዱባለ ከግምገማቸው ተመለሱ። ማክሰኞ ለአቶ ኤርካሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ በሃያ ሰባት ዓመት የመጀመሪያው። ደሜ ፈላ። ሳላንኳኳ ኃላፊው ቢሮ ገባሁና ሥራ ያዳነ ሰው እንዴት ይቀጣል ብዬ ጮህኩባቸው። አቶ ዱባለ ፊርማውንስ ባለፍኩት ነበር፣ ይህን ግን ምን ላድርገው ብለው ቅጹን ገፉልኝ።

ቅጹ ላይ «ዕቃው የተፈለገበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። ሁሉም ሰው፣ ለሶፍትም ይሁን ለመኪና ጎማ፣ «ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ» ብሎ ያልፈዋል። በአቶ ኤርካሎ ቀጥ ያለ ጽሕፈት ግን «ሕፃን አሮን ኢሳይያስ አባቱን እንዲያውቅ» ይላል።

ኦዲተር ቢመጣ ምን ልበለው ነው የምትዪኝ አሉ አቶ ዱባለ። እኔ፣ አፌ አያርፍም ተብዬ የተገመገምኩት ሴት፣ ሳላንኳኳ የገባሁበትን በር ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ።

መጋዘን ስደርስ አቶ ኤርካሎ ማስጠንቀቂያቸውን በሁለት ቀዳዳ በስተው ክላሰር ውስጥ እያስገቡ ነበር። ምናለ እንደ ሰው «ለሥራ» ብለው ቢጽፉ፣ ማን ይነካዎት ነበር ብዬ ተቆጣኋቸው። ተቆጣሁ እንጂ ሌላ ምን አውቃለሁ።

«ቅጹ ምክንያት ይላል» አሉኝ። «ምክንያቱ እሱ ነው። ሐሰት ጽፌ ልፈርም ነው?»

ኢሳይያስ ነሐሴ ላይ ጓዙን ጠቅልሎ ሶዶ ገባ። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ሰውዬውን አሳዪኝ ስላለኝ፣ እሱ አሮንን አዝሎ አብረን ሄድን። ለሞተው ስዊች ምትክ ተገዝቶ ነበር፤ ከአቶ ኤርካሎ ጀርባ መደርደሪያው ላይ በላስቲኩ ተቀምጦ አየሁት። ንዴቴን ዋጥኩት። ያ ነገር ሌላ ቀን አለው።

አቶ ኤርካሎ ኢሳይያስን ጨበጡት፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ልጁን በወላይትኛ አባትህ የቱ ነው ብለው ጠየቁት። አሮን ያዘለውን ሰው አንገት በሁለት እጁ ጥምጥም አድርጎ ያዘና አኮረፋቸው፣ ይሄ ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን።

አቶ ኤርካሎ ክላሰሩን ከፈቱ። የሰኔውን ቅጽ አወጡና ግርጌው ላይ «ምክንያቱ መፈጸሙ በአካል ተረጋግጧል» ብለው ጽፈው ቀኑን አሰፈሩ። ከዚያ ምስክር ያስፈልጋል ብለው እስክሪብቶውን ዘረጉልኝ። ፈረምኩ።