የቀዮ መርዶ

[አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያና አንድ ወንበር ብቻ ያላት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት። እኩለ ቀን ሊሆን ነው። ልብስ ሰፊው ቆሞ ቀይ የገበር ጨርቅ ይለካል። ወንበሩ ላይ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ተንሰራፍቷል። ጡረታ የወጣ የጤና ተቆጣጣሪ ነው፤ ያየው ነገር ሁሉ ላይ ጀርም ስለሚታየው ሰፈሩ “ጋሼ ጀርም” ብሎታል። ጠረጴዛው ላይ የልብስ ሰፊው ልጅ የሚሚ ዓሣ፣ ቀዮ፣ ወረቀት ላይ ሞቶ ተጋድሟል።]

ጋሼ ጀርም፦ የክብሪት ቀፎ ይበቃዋል አልኩህ!

ልብስ ሰፊው፦ አይበቃውም ጋሼ። ለክቼዋለሁ። ሰባት ሴንቲ ነው፤ ለቅምቀማ አንድ ስጨምርበት ስምንት።

ጋሼ ጀርም፦ ቅምቀማ ለምኑ ነው? ዓሣው ሊዳር ነው?

ልብስ ሰፊው፦ ዳሩ ካልተቀመቀመ ይተረተራላ።

ጋሼ ጀርም፦ አፈር ውስጥ ማን ሊያይለት! እህቴ አንተን ስታገባ ዓይኗን ምን ጋርዶት እንደነበር ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ።

ልብስ ሰፊው፦ እሷም እንደዚያው ትላለች። [ስፒሉን ከአፉ አውጥቶ] የቁልፍ ማስቀመጫዬን ቆርቆሮ ባዶ አድርጌዋለሁ፤ እሱ ልኩ ነው።

ጋሼ ጀርም፦ ቆርቆሮ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ የጀርም ቤት ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ከሞተ በኋላ ያመዋል እንዴ?

ጋሼ ጀርም፦ [ወደ ጣራው አንጋጦ] ጌታዬ፣ ወይ ለእሱ ልብ ስጠው፣ ወይ ለእኔ ትዕግሥት ስጠኝ!

ልብስ ሰፊው፦ የሳጥኑስ ግድ የለም፣ አንድ ነገር ይሆናል። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ነው የሚነገረው? የሰው ልብ እንዳይሰበር—

ጋሼ ጀርም፦ በቃ! ገባኝ። እኔን መጠየቅህ በሕይወትህ የሠራኸው የመጀመሪያው ብልህ ሥራ ነው። ልጅ ማናገር የሚያውቅ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞርኩ ጥፍር ስመረምር ኖሬያለሁ።

ልብስ ሰፊው፦ ኧረ እኔ ስለ ልጅ ሳይሆን—

ጋሼ ጀርም፦ አታቋርጠኝ! ሰው ሲያስተምርህ መስማትም አታውቅም?

ልብስ ሰፊው፦ እሺ።

ጋሼ ጀርም፦ አንደኛ፣ ውሸት የለም። ጅል ወላጅ “ዓሣው መንገድ ሄደ” ይላል። ዓሣ በምን እግሩ ነው መንገድ የሚሄደው? ፊት ለፊት፣ በግልጽ! ጻፈው።

ልብስ ሰፊው፦ [በጠመኔ ያልተሰፋ ሱሪ ላይ እየጻፈ] በ… ግልጽ።

ጋሼ ጀርም፦ የሰው ሱሪ ላይ?

ልብስ ሰፊው፦ ሲታጠብ ይለቃል።

ጋሼ ጀርም፦ አዬ ጉድ! ቀጥሎ፣ ነገሩን ከሩቅ ታመጣዋለህ። “ሰው ሁሉ ሟች ነው” ብለህ ትጀምራለህ።

ልብስ ሰፊው፦ በግልጽ ነው ወይስ ከሩቅ?

ጋሼ ጀርም፦ ከሩቅ ሆነህ በግልጽ!

ልብስ ሰፊው፦ ደግሞ የሞተው ሰው አይደለም፣ ዓሣ ነው።

ጋሼ ጀርም፦ ይኼ ጭንቅላት ነው ወይስ የኮፍያ መስቀያ? ዝም ብለህ ጻፍ። ዋናው ነገር፣ ጥፋተኛው በስሙ ይጠራል። ዓሣ ከመሬት ተነስቶ አይሞትም፤ ገዳይ አለው።

ልብስ ሰፊው፦ [ጠመኔውን አቁሞ] ገዳዩ ዘመድ ቢሆንስ?

ጋሼ ጀርም፦ ዘመድ ሲሆንማ ይብሳል!

ልብስ ሰፊው፦ ዕድሜ ያለው ሰው ቢሆንስ?

ጋሼ ጀርም፦ አንተ ገና አርባ ሳይሞላህ ዕድሜ ምን አስቆጠረህ?

ልብስ ሰፊው፦ ለጠቅላላ ዕውቀት ነው።

ጋሼ ጀርም፦ ዕድሜ ያለው ከሆነማ ልጅቷ ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ይጠይቃታል! ሽበት የተሰጠን ለጌጥ መስሎሃል?

ልብስ ሰፊው፦ አውቃለሁ ብሎ ያደረገው ቢሆንስ?

ጋሼ ጀርም፦ ሳያውቅ አውቃለሁ ከሚል ሰው ይሰውረን! እሱስ ሁለቱንም ጉልበቱን!

ልብስ ሰፊው፦ [ይጽፋል] ሁለቱንም… ጉልበት።

ጋሼ ጀርም፦ አሁን እንለማመድ። መርዶው የሚነገረኝ እኔ ነኝ፤ ነጋሪው አንተ። ጀምር።

ልብስ ሰፊው፦ የሚነገርዎት እርስዎ ነዎት?

ጋሼ ጀርም፦ እኔ ነኝ አልኩህ! በደብዳቤ ልጻፍልህ?

ልብስ ሰፊው፦ እንዲህ በቀላሉ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። [ላቡን ጠርጎ] ጋሼ… ሰው ሁሉ ሟች ነው። ቀዮ ሞቷል። የገደሉት እርስዎ ነዎት።

ጋሼ ጀርም፦ በሕግ አምላክ! [ራሱን ይዞ] ሐዘንተኛ ላይ ወንጀል ይለጠፋል? አንተ ግንድ! ዓሣዋ የሞተባትን ልጅ አንቺ ነሽ የገደልሽው ልትላት ነው?

ልብስ ሰፊው፦ እሷንማ አልልም።

ጋሼ ጀርም፦ ድምፅህም እንደ ሰነፍ ተማሪ ይንቀጠቀጣል። ጉሮሮህን ጥረግና ድገመው።

ልብስ ሰፊው፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ፣ መንገደኛ እስኪሰማ] ጋሼ! ቀዮን የገደሉት እርስዎ ነዎት!

ጋሼ ጀርም፦ ድምፁ ተስተካክሏል። ፍሬ ነገሩ አሁንም ገለባ ነው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ያሉት ላንተ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ገዳዩ አንተ ነህ። ያ ጠርሙስ ውኃው ከተቀየረ ስንት ቀኑ ነው?

ልብስ ሰፊው፦ ሚሚ በየማክሰኞው ትቀይርለት ነበር።

ጋሼ ጀርም፦ በየማክሰኞው! ጀርም ማክሰኞን ይጠብቃል? ትናንት ማምሻውን እናንተ ጋ ስመጣ ምን እንዳየሁ ልንገርህ? የጠርሙሱ አፍ ዙሪያውን አረንጓዴ! እኔ ባልደርስለት ያኔውኑ አልቆለት ነበር። በረኪናውን ከመታጠቢያ ቤት ያመጣሁት እኔ፣ የጨመርኩለት እኔ! አባት ተብዬው የት ነበርክ?

ልብስ ሰፊው፦ ስንት ክዳን ጨመሩለት?

ጋሼ ጀርም፦ ደንቡ ለአንድ ጀሪካን ጥቂት ጠብታ ነው። [በኩራት] የእህቴ ልጅ ዓሣ ስለሆነ ግን አልሰሰትኩለትም። ሦስት ክዳን።

[ልብስ ሰፊው ዓሣውን ያያል። ጋሼ ጀርም ልብስ ሰፊውን ያያል። ቆየት ብሎ እሱም ዓሣውን ያያል።]

ጋሼ ጀርም፦ …ከዚያ በፊት ይዋኝ ነበር?

ልብስ ሰፊው፦ ከእርስዎ በፊት ይዋኝ ነበር።

ጋሼ ጀርም፦ ልቡን አሞት ይሆናል።

ልብስ ሰፊው፦ ይሆናል። ንጹሕ ሆኖ ነው የሞተው።

ጋሼ ጀርም፦ [ወንበሩን እያስጠጋ] ስማኝ ወንድሜ። ልጅ ልጅ ነው፤ እውነት ይከብደዋል። መንገድ ሄደ ብንላትስ?

ልብስ ሰፊው፦ በምን እግሩ?

ጋሼ ጀርም፦ ወንዝ ለወንዝ! ዘመዶቹ ጋ!

ልብስ ሰፊው፦ [ሱሪውን አንስቶ] “በግልጽ” ይላል። “በስም” ይላል። “ሁለቱንም—”

ጋሼ ጀርም፦ አጥፋው!

ልብስ ሰፊው፦ አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። [የጋሼ ጀርምን መላጣ አይቶ] ይቅርታ።

ጋሼ ጀርም፦ አትቀልድ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጀርም መጣ እያለ ይሸሸኛል። ስመጣ ሮጣ የምታቅፈኝ እሷ ብቻ ናት። እሷም ከተደበቀችብኝ ማን ቀረኝ? እባክህ፣ ሳታውቅ ትቅር።

ልብስ ሰፊው፦ ታውቃለች እኮ።

ጋሼ ጀርም፦ ምኑን?

ልብስ ሰፊው፦ ሁሉንም። ትናንት በረኪናውን ሲጨምሩ መጋረጃው ጋ ቆማ አይታዎታለች። አጎቴ ያውቃል ብላ ዝም አለች። ጠዋት ሞቶ ያገኘችውም እሷ ናት። አልቅሳ ጨርሳ፣ ይኼን ጨርቅ መርጣልኝ ነው ትምህርት ቤት የሄደችው።

ጋሼ ጀርም፦ ታዲያ እንዴት ይነገር፣ እንዴት ይነገር እያልክ ያደረቅኸኝ ለማን ልትነግር ነው?

ልብስ ሰፊው፦ ለእርስዎ።

ጋሼ ጀርም፦ ለእኔ?

ልብስ ሰፊው፦ “አባዬ፣ አጎቴ ሳያፍር እንዴት እንንገረው?” አለችኝ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልችልበትም፣ የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ አልኳት። በሰፈሩ ደግሞ ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ የለም።

ጋሼ ጀርም፦ ሳያፍር… ነው ያለችው?

ልብስ ሰፊው፦ ሳያፍር፣ ቀስ ብለን፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ። በግልጽና በጉልበት ያሉት እርስዎ ነዎት።

ጋሼ ጀርም፦ [በሹክሹክታ] እሷ እንዳለችው ብናደርገውስ?

ልብስ ሰፊው፦ አልፏል ጋሼ። ሁለቴ ነገርኩዎት፤ አንዴውን በጩኸት።

[በሩ ይከፈታል። ሚሚ ቦርሳዋን እንዳዘለች ደፉ ላይ ቆመች። ጋሼ ጀርም ከወንበሩ ወርዶ በቀኝ ጉልበቱ ተንበረከከ። ትንሽ አሰበና ግራውንም ጨመረ።]

ልብስ ሰፊው፦ ግቢ ሚሚዬ። መርዶውን ነግሬያቸዋለሁ፤ አንቺ ደግሞ አይዞዎት በያቸው።